ባሌ ሲከፋው አፉን ይዘጋል፤ ልጄም እሱን እየሆነ ነው

ደብዳቤው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 33 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ካገባሁ 8 ዓመት ሆነኝ፤ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። አባይ ማዶ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። የቤቱን ወጪ ሳልጠይቀው ይሰጠኛል። ችግሩ ዝምታው ነው። ትንሽ ነገር ከከፋው አፉን ይዘጋል። አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ተሰብስበን ወንድሜ በጨዋታ መሀል ‹አንተ ደግሞ ሁሌ ለቅሶ የመጣህ ነው የምትመስለው› አለው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ባሌ ቡናው ሳይደርስ ተነስቶ ወጣ። ማታ ‹ምን ሆንክ?› ስለው ‹ምንም› አለኝ። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ‹እሺ› እና ‹አይ› ብቻ። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አለቀስኩ፣ አክስቱ ጋ ደወልኩ። በመጨረሻ ‹አንተ ድንጋይ ነህ!› አልኩት። ባሰበት። በአራተኛው ቀን ማታ ምን ሲሠራ አየሁት መሰለዎት? እግሩ ሲወላገድ የከረመውን የልጁን አልጋ ሲጠግን። ለአልጋ ጊዜ አለው፤ ለእኔ ግን አንድ ቃል የለውም።

የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ በ7 ዓመቱ ለትምህርት ባሕር ዳር አጎቱ ቤት መጥቶ እዚያው አደገ። ስለዚያ ጊዜ አያወራም። የእኛ ቤት ግን ሞቅ ያለ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እኛ ግን የከፋን እዚያው ተናግረን እዚያው ነው የምንታረቀው።

አሁን የሚያስፈራኝ ልጄ ነው። መምህሩ ‹ክፍል ውስጥ ብዙም አይናገርም፤ ልጆች ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ያያል› አለኝ። እናቴ ‹የአባቱ ደም ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ› ትላለች። ሰው ጠባዩ ይለወጣል? ወይስ እድሜ ልኬን እንዲህ ልኖር ነው?»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽን እንደምትወጂው ያስታውቃል። እንደደከመሽም ያስታውቃል። ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ በአንድ አልጋ እያደሩ 5 ቀን ሙሉ አለመነጋገር ከባድ ነው። «አይጠጣ፣ አይማታ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚሉሽ እንዳሉ እገምታለሁ። አትስሚያቸው። ዝምታም ያቆስላል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ፣ ሰው ይለወጣል። ሁሉ ነገሩ ግን አይለወጥም። የማይለወጠውን ካልለወጥኩ ብለሽ ስትታገዪ የሚለወጠው ያመልጥሻል። እናንተ ቤት እየሆነ ያለው ይሄ ይመስለኛል።

ጭምትነቱንና ኩርፊያውን አንድ አድርገሽ ነው የጻፍሽልኝ። ለእኔ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጭምት ሰው ሰው የበዛበት ቦታ ሲቆይ ይደክመዋል። ከመናገሩ በፊት ያወጣል፣ ያወርዳል። አዲስ ሰው ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ይሄ በሽታም ኩራትም አይደለም። ኩርፊያ ግን ሰው ሲከፋው የሚያደርገው ነገር ነው። ከየትም ይምጣ፣ በልምድ የመጣ ነው። ሠርግና ማኅበር ያለ እሱ የማይደምቅ፣ ሳቁ ከመንገድ የሚሰማ፣ አንዴ ካኮረፈ ግን ወር የማይመለስ ሰው ሰፈርሽ ውስጥ አታጪም። እንደዚሁ ቀኑን ሙሉ አስር ቃል የማይናገር፣ ቅር ሲለው ግን «ይሄ ነገር ከፍቶኛል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገላገል ጭምትም አለ። ባልሽ ጭምት ነው። ጭምት መሆኑ ግን አኩራፊ እንዲሆን አያስገድደውም።

ጭምትነቱን በተመለከተ እጅሽን ብትሰጪ ይሻላል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጀሮም ኬገን የ4 ወር ሕፃናትን ሰብስቦ አጥንቷል። ፊታቸው የሚወዛወዝ አሻንጉሊት እያቀረበ፣ የማያውቁት ድምፅ እያሰማ፣ የማያውቁት ሽታ እያሸተተ ምን እንደሚሆኑ ያያል። ከ5 ሕፃናት አንዱ ገደማ እጅና እግሩን እያወራጨ ያለቅስ ነበር። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ዘና ብለው ያያሉ። ሲያድጉ እንግዳ ሰው ሲያዩ ወደኋላ የሚሉት በብዛት ከእነዚያ ከሚወራጩት ወገን ሆነው ተገኙ። የ4 ወር ልጅ ገና ማንም አላስተማረውም። መንትዮችን ያጠኑም ሰዎች በጠባይ ከሌላው የምንለይበት ነገር ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን ደርሰውበታል። ስለዚህ ባልሽ እናትሽ ቤት እንደ ወንድሞችሽ እየሳቀ እያሳቀ እንዲውል አትጠብቂ። የመጣው ስለሚወድሽ ነው፤ ቢያንስ ይሄን ቁጠሪለት።

ኩርፊያው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ታሪኩን አንቺው በሁለት መስመር ጽፈሽው አልፈሻል።

የ7 ዓመት ልጅ፣ አባቱ ሞተውበት፣ ከዘጌ ባሕር ዳር አጎቱ ቤት ገባ። አጎቱ ክፉ ናቸው አላልኩም። ወስደው አስተምረዋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዘመድ ቤት ያደገ ሰው የምለውን ያውቀዋል። በጣም ደግ ዘመድ ቤት እንኳ ልጁ ቤቱ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ማንም ሳይነግረው ነው የሚያውቀው። ሲበላ የቤቱ ልጆች እስኪያነሱ ይጠብቃል። ጫማው ሲቀደድ ሌላ ሰው አይቶ እስኪናገር ዝም ይላል። የአጎቱ ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ በእሱ ቢያመካኝ አይከራከርም፤ ተከራክሮ ቢያሸንፍስ የት ሊሄድ ነው? ራሱን ሲያመው ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ትልልቆቹ ደግሞ ለእንግዳ «ይሄ ልጅ እኮ ቢነኩት አይናገርም፣ ጨዋ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በሕይወቱ የሚያገኘው ትልቁ ምስጋና ይሄ ይሆናል። የተመሰገነውም ስለ ዝምታው ነው።

ባልሽ ላይ ይሄ ሁሉ ደርሷል ለማለት አልደፍርም፤ የሚያውቀው እሱ ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ሰው ግን ሲከፋው መጥፋት ይማራል። የልጅነት መከላከያው ነው። የሚያሳዝነው 38 ዓመት ሲሞላው፣ የራሱ ቤት ውስጥ፣ የምትወደው ሚስቱ ፊት፣ ያ ልጅ አሁንም ይነሳል። ሁሉም በሳቁበት ሰዓት ባልሽ የተሰማው የወንድምሽ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» የሚለው የድሮ ስሜት ነው። «ዓመል ያወጣል ከመሐል» ይባላል። እውነት ነው። ያን ቀን ከመሐል ያወጣው ግን ዓመሉ ብቻ አይደለም፤ ሳቃችሁም አለበት። ወንድምሽን ለብቻው ጠርተሽ «በሰው ፊት አትቀልድበት» በዪው። ባልሽ መናገርሽን ማወቅ የለበትም፤ ቀልዱ መቅረቱን ካየ ይበቃዋል።

የልጅነት ነገር ከሰው ጋር እንዴት እንደምንኖር ይነካል የሚለው ሐሳብ ቀደም ብሎ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አቅራቢያ፣ 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው እየሄደች እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚውሉ ትመለከት ነበር። በኋላ አሜሪካ ገብታ እናት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል ወጥታ ስትመለስ ልጅ ምን እንደሚያደርግ አጠናች። አብዛኞቹ አልቅሰው፣ እናታቸው ስትመጣ ተጠምጥመው ይረጋጋሉ። አንዳንዶቹ ግን እናታቸው ስትገባ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዝም ብለው አሻንጉሊታቸውን ያነሳሉ። ለሚያይ ሰው ግድ ያላቸው አይመስሉም። የልብ ምታቸው ሲለካ ግን እንደ ሌሎቹ ይመታል። ጭንቁ እኩል ነው። ልዩነቱ «እናቴ ጋ ብሄድ አይሆንልኝም» ብለው መልመዳቸው ነው።

አሁን ያንን አልጋ አስቢው።

አንቺ እንደ ክስ ነው የጻፍሽው፤ «ለአልጋ ጊዜ አለው»። ይገባኛል፣ በአንቺ ቦታ ሆኖ ሌላ ማሰብ ከባድ ነው። ግን ያ ሰው በአራተኛው ቀን ማታ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግ ውሎ ገብቶ፣ መዶሻና ምስማር ይዞ የልጃችሁ አልጋ ሥር ተንበረከከ። አንቺ ባለሽበት ክፍል ውስጥ። የሚሸሽ ሰው ቢሆን ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር፤ ሥራ ቤቱ ማምሸት ይችል ነበር። እሱ የሚያውቀው መመለሻ በእጁ ነው። አፉ ሲዘጋ እጁ ይናገራል። ይበቃል አላልኩሽም፤ አንቺ ቃል ያስፈልግሻል፤ ቃል ማግኘትም መብትሽ ነው። ግን በዚያች ሰዓት ሻይ አቅርበሽለት አጠገቡ ቁጭ ብትዪ፣ አምስተኛው ቀን ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ አንቺም ልምጣ። ስለ አባትሽ በአንድ ሐረግ ብቻ ነው የጻፍሽው፤ ሹፌር ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ። ያኔ የአባት ድምፅ አልተሰማም ማለት አባት የለም ማለት ነው። እናትሽ ስልክ ሲጠብቁ፣ መንገድ ሲያዩ አድገሻል ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያደገ ሰው ዝምታ ሲሰማ ይደነግጣል። ደንግጦም ይጠይቃል፣ ይለምናል፣ ይጮሃል፤ ብቻ መልስ ይምጣ። ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም ነገር እዚያው ተነግሮ እዚያው የሚያልቀውም ለዚህ ይሆናል፤ ያልተነገረ ነገር ያስፈራችኋል።

እንግዲህ ሁለታችሁን አንድ ቤት አስቀምጫችሁ ሳይ፣ እሱ ሲደነግጥ ዝም ይላል፤ አንቺ ስትደነግጪ ትከተይዋለሽ። አንቺ በተከተልሽው ቁጥር እሱ ይበልጥ ወደ ራሱ ይገባል። እሱ በገባ ቁጥር አንቺ ይበልጥ ትጮሂያለሽ። ማን ጀመረው ብትሉ አታገኙትም። በትዳር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይሄን አዙሪት በየአገሩ ያውቁታል። ጆን ጎትማን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን እየለካ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ዝም የሚለው ሰው ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስለውም። ውስጡ ግን ልቡ እየዘለለ ነው። ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው በቅጡ መስማትም ማሰብም ያቅተዋል። ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል ይላል ጎትማን። «ድንጋይ ነህ» ያልሺው ሰው በዚያች ሰዓት ከአንቺ ባላነሰ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል።

20 ደቂቃና 5 ቀን ግን አይገናኙም። ለእሱ ያለኝ መልእክት ይሄ ነው፤ ከቻልሽ ይሄን ክፍል አንብቢለት። ወንድሜ፣ ዝም የማለት መብት አለህ። ሳትናገር የመጥፋት መብት ግን የለህም። «አሁን አልችልም፣ ነገ ማታ እናወራለን» ማለት ትንሽ ነገር ነው፤ ሚስትህን ከ5 ቀን ስቃይ ያድናታል። ያንን ብለህ ደግሞ ነገ ማታ ራስህ መጥተህ ጀምር። እሷ እንድትለምንህ አትጠብቅ።

ይሄን ስምምነት በጸብ ሰዓት አታንሺው። ደህና ቀን ምረጪ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁም አይሁን፤ ጭምት ሰው ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለዋል። እሁድ ከሰዓት ልጁን እናትሽ ጋ ትታችሁ በሐይቁ ዳር ተራመዱ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለ፤ ወሬ ቢቋረጥም አያስጨንቅም። መጀመሪያ ያንቺን በዪ። «ድንጋይ ነህ ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ወንድሜ ሲቀልድብህ ከእነሱ ጋር መሳቄም ልክ አልነበረም።» ከዚያ «ዝም ስትለኝ የምትሄድ ነው የሚመስለኝ፤ ስለዚህ ነው የምጮኸው» በዪው። «አንተ ሁሌ እንዲህ ነህ» የሚለውን ለዛሬ ተዪው። ከዚያ ጠብቂ። ይሄ ለአንቺ ከባዱ ክፍል ነው። ዝምታው ውስጥ ቃል ላለመጨመር ጥርስሽን ንከሺ። አስቦ የሚናገር ሰው ጊዜ ካልሰጠሽው ሁልጊዜ የምትሰሚው የራስሽን ድምፅ ብቻ ነው።

ምናልባት ያን ቀን «እሺ» ብቻ ይልሻል። ይሁን። በሚቀጥለው ኩርፊያ በ5 ቀን ፋንታ በ2 ቀን ከተመለሰ ለውጥ ነው። «ስለተናገርክ ደስ ብሎኛል» በዪው፤ «እስካሁን የት ነበርክ?» ብለሽ አትቀበዪው። አክስቱ ጋ መደወሉንም አቁሚ። ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት ሲፈርስ ያድናል። ግን ልጅነቱን ሙሉ በዘመድ ዓይን ሥር ላደገ ሰው፣ ጓዳው ውስጥ የሆነው ዘመድ ጋ መድረሱ በጣም ያሳፍረዋል። ሲያፍር ደግሞ የሚያደርገውን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ዝምታው አንቺን ለመቅጣት የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ገንዘብ የሚከለክልሽ፣ ከሰው የሚያርቅሽ፣ የምትፈሪው ከሆነ፣ እስካሁን ያልኩት አይሠራም፤ ያ ሌላ ችግር ነው። ከጻፍሽልኝ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

«በ38 ዓመቱ ማን ይለወጣል?» ትዪ ይሆናል። ይለወጣል። ብሬንት ሮበርትስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ 92 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ሰው ጠባዩ በልጅነት አልቆ አይቀመጥም። በተለይ ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ አብዛኛው ሰው ረጋ እያለ፣ ኃላፊነት እየተሰማው ይሄዳል። ሮበርትስ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 207 ጥናቶችን አይተው፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ያገኙ ሰዎች ከዓመታት ይልቅ በሳምንታትና በወራት ለውጥ እንዳሳዩ ጽፈዋል። ከሁሉ በላይ የተለወጠውም ቶሎ የመደንገጥና የመጨነቅ ጠባይ ነው። የባልሽም ያንቺም ችግር እዚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንሂድ። እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም።

እናትሽ «የአባቱ ደም ነው» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው። ጭምትነቱን ከአባቱ ወስዶ ሊሆን ይችላል። የኩርፊያ ደም ግን የለም። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት የአእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ 133 ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ተከታትለው ነበር። ከልጆቹ 15 በመቶ ያህሉ ቀስ ብለው የሚላመዱ ነበሩ። አዲስ ቦታ ሲገቡ ዳር ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ጊዜ ካገኙ ይገባሉ። ልጅሽ የእነዚህ ዓይነት ይመስለኛል። ዳር ቆሞ ማየቱ ጨዋታውን አልወደደም ማለት አይደለም። እያጠና ነው።

እነዚያ ሐኪሞች የደረሱበት ትልቁ ነገር ጥሩ ጠባይና መጥፎ ጠባይ ብሎ ነገር እምብዛም እንደሌለ ነው። ልጁን የሚጎዳው ጠባዩና ያለበት ቤት አለመስማማታቸው ነው። የዘጌን ቡና አስቢ። ዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ነው እንዲያ የሚያፈራው፤ ያንኑ ችግኝ ሜዳ ላይ ተክለሽ «ምነው ጠወለገ?» ብትዪ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም።

ጥላ ማለት ግን መሸሸግ አይደለም። ኬገንና ባልደረቦቹ ቶሎ የሚደነግጡትን ሕፃናት ቤታቸው ድረስ ሄደው አይተዋል። ወላጆቻቸው ከሁሉም ነገር የጠበቋቸው ልጆች ይበልጥ ፈሪ ሆኑ። ቀስ እያሉ ትንሽ ትንሽ ያለማመዷቸው ግን እየደፈሩ ሄዱ። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ «ሰላም በል እንጂ! ምላስህን ድመት በላው?» እያልሽ አትግፊው። «ተዉት፣ ዓይን አፋር ነው» ብለሽም በእሱ ፋንታ አትመልሺ። ይህቺ ሁለተኛዋ በጣም የተለመደች ናት፤ ልጅ ደግሞ ስለ ራሱ የሰማውን ያምናል። «ትንሽ ቆይቶ ሰላም ይላችኋል» በዪና ጊዜ ስጪው። ሲል ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ አያጨብጭብበት፤ ሁሉም ዞሮ ካየው ነገ አይደግመውም።

ትምህርት ቤት ጥቂት ቀድማችሁ ድረሱ። ግቢው በልጆች ከተሞላ በኋላ መግባት ለእንዲህ ያለ ልጅ ከባድ ነው። ሦስት አራት ልጆች ባሉበት ሰዓት ከገባ ግን ሌሎቹ ወደ እሱ ነው የሚመጡት። ከክፍሉ አንድ ልጅ ምረጡና ቅዳሜ ቤታችሁ ይምጣ። አንድ ብቻ። አንድ ጓደኛ ያለው ጭምት ልጅ ክፍሉን ይችለዋል። መምህሩንም በሁሉም ፊት አስነስቶ እንዳይጠይቀው፣ መጀመሪያ ለብቻው ቢያናግረው እንደሚሻል ንገሪው።

አባትየውም ሥራ ቤቱ ይውሰደው። የተቆረጠ እንጨት ይስጠውና በአሸዋ ወረቀት ይሽ። ሁለት ጭምቶች አብረው ሲሠሩ የሚያወሩት ነገር አያጡም። ባልሽም ለልጁ ቀስ ብሎ መናገርን እዚያ ይለምደዋል ብዬ አስባለሁ።

እኔን ከጭምትነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጁ እነዚያን 5 ቀናት አይቷል። እናቱ ስታለቅስ፣ አባቱ ዝም ሲል አይቷል። መታረቃችሁን ግን አየ? ብዙ ወላጅ በልጅ ፊት ይጣላና ልጅ ሲተኛ ይታረቃል። ልጁ የጸቡን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን አያውቅም። ኩርፊያ የሚወረሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ስትታረቁ እሱ ባለበት ይሁን። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አባቱ «ትናንት ከፍቶኝ ነበር፤ ከእናትህ ጋር ተነጋገርን፣ አሁን ደህና ነን» ይበለው። ባልሽ ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ለልጁ ሲል ሊለማመደው ይችላል፤ ለራሱ ሲል የማያደርገውን ለልጁ የሚያደርግ ሰው ይመስለኛል።

«ጨዋ ልጅ፣ ቢነኩት አይናገርም» የሚለውን ምስጋናም ከቤታችሁ አስወጡት። «ሲከፋህ ስለነገርከኝ ጎበዝ» በሉት።

ቤት ውስጥ የሚያወራ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ከለመደ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ጭራሽ ቃል ካልወጣው፣ ለመምህሩም ለልጆችም፣ ያኔ ጭምትነት ብቻ አይደለም። የሕክምና ስም ያለው፣ ቶሎ ከተያዘም የሚድን ችግር ነው። ያንቺ ልጅ «ብዙም አይናገርም» ነው የተባለው፤ መምህሩን በደንብ ጠይቂው፦ ሽንት ቤት ሲፈልግ ይናገራል? ከአንድ ልጅ ጋር እንኳ ያወራል? መልሱ «ጭራሽ» ከሆነ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ።

ለእናንተ ለሁለታችሁም ያው በር ክፍት ነው። ጥቂት ወራት ሞክራችሁ ኩርፊያው እንደ ድሮው ሳምንት የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ባልሽ እንቅልፍና ምግብ እየጠላ፣ ሥራውን እየተወ ከመጣ፣ አማካሪ ጋ ሂዱ። «እኔ እብድ ነኝ ወይ?» ይልሽ ይሆናል። አትከራከሪው። ብቻሽን ጀምሪ። አንቺ ዝምታውን የምትቀበይበት መንገድ ሲለወጥ እሱም ቤት ውስጥ ያለው ነገር እንደተለወጠ ይሰማዋል፤ አንዳንድ ባሎች ከጊዜ በኋላ «እስቲ እኔም ልምጣ» ይላሉ።